ድንጋይ ለቃሚው ዓሣ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም፣ ልቡም ደግ። ቁጭ በል እንጂ ምንተስኖት፣ ቆመህ የምትሰማው ነገር አይደለም። እኔም ብሆን ጉልበት የለኝም። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ እዚህ ደጃፍ እየመጣ «ጋሽ ዘርጋው፣ ምን ልጨምር?» ሲለኝ ነው የዋለው። አንተም መጣህና «እናቴን ከሂርና ድሬዳዋ አምጥቼ፣ ለብቻዋ ክፍል ሰጥቼ፣ ሠራተኛ ቀጥሬላት፣ አማረኝ የምትለው ሳይቀርባት፣ እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ትከሳለች፤ ሐኪሙም ምንም አላገኘባትም፤ ምን ልጨምርላት?» አልከኝ። እንግዲህ ስማ።

ይህ ሀብታም አንድ ጊዜ ለንግድ ጅቡቲ ወርዶ በጀልባ ባሕር ላይ ወጣ። ውሃው የጠራ ነበርና ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ሲያይ፣ ቢራቢሮ ዓሣ የሚሉትን አየ። መዳፍ የሚያክል፣ ቢጫ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር የወረደበት፣ አፉ ሹል ያለ። ዐለት የመሰለ ነገር ላይ ጠቅ ያደርጋል፤ ትንሽ ፈቀቅ ይልና ደግሞ ጠቅ። የሰውየው ሆዱ ባባ። «ወይ ምስኪን!» አለ፤ «ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ይለቅማል! እኔ ቤት ቢሆን ኖሮ አርፎ ይበላ አልነበር?»

አስያዘው። ሳሎኑ ውስጥ የግድግዳውን እኩሌታ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አሠራለት። የቧንቧ ውሃ አይሆነውም ቢሉት፣ የባሕር ውሃ በጀሪካን እያስሞላ በጭነት መኪና ድሬዳዋ ድረስ አስመጣ። ውሃ የሚያጣራ ሞተር በለው፣ ሙቀት የሚጠብቅ ማሽን በለው፣ መብራት በለው፣ ምን የቀረ ነገር አለ? እኔም ተጠርቼ አይቻለሁ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ከእኔ ቤት ይሻላል።

ዓሣው ግን አልበላም አለ። እኛ ዘንድ እንግዳ አልበላም ሲል ምን እንደሚደረግ ታውቀዋለህ። ይለመናል፣ «በሞቴ» ይባላል፣ ይጨመርበታል። ሰውየውም ጨመረ። ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ምግብ አስፈጨለት፤ እምቢ። ጉበት አስከተፈለት፤ እምቢ። የእንቁላል አስኳል ፈረፈረለት። መስታወቱ ሥር ቆሞ «አፈር ስሆን፣ ቅመስ!» ይለዋል። ያልተበላው ታች ወርዶ ይበሰብሳል፣ ውሃው ይሸታል፣ ውሃ ይቀየራል፣ ደግሞ ይጨመራል። ሚስቱ «ተው፣ ይሄ ፍጡር ያጣው ሌላ ነገር ነው» ብትለው፣ «ቤቴ የገባ ተርቦ አይወጣም!» ብሎ ጮኸባት። የደግ ሰው ክፋቱ ይሄ ነው፤ አይመከርም።

ኋላ ደግሞ ቤቱ ጭር ብሎበት ይሆናል አለና፣ ኮራል የሚሉትን፣ ለጌጥ የሚሸጠውን ነጩን ደረቁን፣ ከጅቡቲ አስመጥቶ ገንዳው ውስጥ አስቀመጠለት። ዓሣው ገና ሲያየው ተወርውሮ ሄደ፤ እንደዚያን ጊዜው ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመረ። ሰውየው ደስታውን አልቻለውም። «ለመደ! ተጫወተ!» ብሎ ጎረቤት ጠራ። ሰው ተሰብስቦ ሳቀ፣ እልል ያለም ነበር። ዓሣው ያንን የሞተ ነገር ሲለቅም ዋለ፤ ማግስቱንም፣ ከንፈሩ እስኪላጥ። ከዚያ በጎኑ ተኛ። ሰውየው በመዳፉ ሲያወጣው አጥንት ብቻ ነበር፤ ምግቡ ዙሪያውን ይንሳፈፋል።

ያን ጊዜ ነው ጀልባው ላይ ያየው ነገር የገባው። ለካስ ያ ባሕር ውስጥ ያለው ድንጋይ አልነበረም። ሕይወት ያለው ኮራል ነው፤ ዓሣውም ከላዩ ጥቂት ጥቂት እየለቀመ ነበር የሚኖረው። ሰውየው ከድካም አወጣሁት ሲል ከኑሮው ነው ያወጣው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ያን የሚያህል ሀብታም፣ አለቀሰ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። እናትህ ሂርና ሳለች ምን ትሠራ ነበር?

«ጉልት ነበር የምትውለው፣ ጋሼ። ምስር፣ ሽሮ፣ በርበሬ እየሰፈረች ትሸጥ ነበር። ልጅ አሳድጋ በዚህ ዕድሜዋ ፀሐይ ላይ ትቀመጥ? አላስችል ብሎኝ ነው ያመጣኋት።»

እዚህስ ምን ስታደርግ ትውላለች?

«ምንም። ማረፍ ነው። ብቻ... ከጓዳ ምስር ታወጣና፣ በረንዳው ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ፣ በጣሳ እየሰፈረች መደብ መደብ ታደርገዋለች። ሲመሽ መልሳ ጆንያው ውስጥ ትከተዋለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔማ ተጫወተች ብዬ ደስ ብሎኝ...»

ጨርሰው እንጂ።

አየህ ልጄ፣ ያ የደረቀው ኮራል እኮ ይሄ ምስር ነው። ገዢ የለው፤ «ምርቃት ጨምሪ እንጂ» ብሎ የሚጨቀጭቃት የለ፤ ተከራክራ የምትረታው የለ፤ ከጎኗ ተቀምጣ ሰፈሩን የምታማላት ጉልተኛ የለች። አንተ ያየኸው ፀሐዩንና አቧራውን ነው። እሷ ትኖርበት የነበረውን አላየኸውም። ዶሮ ወጥ ብታበዛላት አትድንም። እዚህ ከሰፈሩ ጉልተኞች ጎን ቦታ ፈልግላት፣ ወይ ወደ ሂርናዋ መልሳት። የቱን እንደምትወድ ደግሞ እሷን ጠይቃት። ዓሣው የሚናገርበት አፍ አልነበረውም፤ እናትህ ግን አላት። ከተማውን አቋርጠህ እኔ ዘንድ ከመምጣትህ በፊት አንድ ቀን ጠይቀሃት ታውቃለህ?

«ሰው ምን ይለኛል፣ ጋሼ? እናቱን ጉልት አስቀመጣት አይሉኝም?»

ይሉሃላ! ምን ጥያቄ አለው፣ አፋቸውን ሞልተው ይሉሃል። ብትቀብራት ግን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው «ምን ያላደረገላት ነገር አለ፣ እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው!» ይሉሃል። በል ተነሥ፤ የቱን ቢሉህ እንደሚሻልህ መንገድ ላይ አስብበት። እኔ ደክሞኛል።