የሚጢጢ መውጫ

ጠጋ ጠጋ በሉማ ልጆች። የዛሬዋን ተረት ያየ የለም፣ የሰማ ግን ሞልቷል።

በድሮ ጊዜ እንስሳት ከጫካ ወጥተው አንድ ከተማ ቆረቆሩ። አያ ጅቦም፣ ጦጢትም፣ ከርከሮም ጎጆ ጎጆውን ቀለሰ፤ ዙሪያውንም በእሾህ አጠረ። መሃል ላይ እሜቴ ኤሊ ሰፈሩ። እሜቴ ኤሊ እናቱ የሞተችበት አንድ ግልገል ዝሆን ያሳድጉ ነበር፤ ስሙንም ሚጢጢ አሉት። ያኔ እውነትም ሚጢጢ ነበር። በከርከሮ በር ሮጦ ይገባል፣ በጦጢት በር ሮጦ ይወጣል።

ታዲያ የዚያች ከተማ ነዋሪዎች አንድ አመል ነበራቸው። ክረምቱ ባለፈ ቁጥር አጥር ያድሳሉ። ሲያድሱ ደግሞ ወደ መንገዱ ገፋ ያደርጉታል፤ አንድ እርምጃ ብቻ።

አንድ ዓመት የአያ ጅቦ አጥር አላስችል አለውና፣ «ጌታዬ፣ አምና የቆምኩት ወደ ኋላ አልነበረም እንዴ?» አለ።

«ዝም ብለህ ቁም። አንድ እርምጃ ማን ያያል?» አለው አያ ጅቦ።

እሜቴ ኤሊ ያዩ ነበር። ቀስ ብለው ስለሚሄዱ የማያዩት ነገር አልነበረም።

«ልጆቼ፣ ሚጢጢ ሲያድግስ በየት ይወጣል?» ብለው ጠየቁ።

«ሲያድግ እናያለን» አሏቸው።

በዓመቱ እንደገና ጠየቁ። «እሜቴ ደግሞ ያልመጣ ነገር ማሰብ ይወዳሉ» አለች ጦጢት፤ ስትስቅ ስትስቅ ከጣሪያ ወደቀች።

በሦስተኛው ዓመትም ጠየቁ። «ሲያድግ እናያለን ተባብለን የለም እንዴ?» አለ ከርከሮ።

ሲያድግ አዩት። አንድ ቀን ጠዋት ሚጢጢ ከእንቅልፉ ሲነሳ ግራ ጎኑ አንዱን አጥር ነካ፣ ቀኝ ጎኑ ሌላውን። በዚያው ሰሞን የከተማዋ ምንጭ ደረቀ። ሌላው ሁሉ በእሾህ መሃል እየተሹለከለከ ከከተማዋ በታች ወዳለው ሐይቅ ወረደ። ሚጢጢ ብቻ ቀረ።

ጦጢት በቅል ውሃ ይዛ መጣች። ሚጢጢ አንዴ ሳበና፣ «ሌላስ?» አላት። አያ ጅቦ ከኋላው ገፋው፤ ሚጢጢ በሁለት አጥር መሃል ተቀረቀረና ይባስ ብሎ ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። ከርከሮ ከመሬት በታች ጉድጓድ ቆፈረለት፤ ከሚጢጢ የገባው ኩምቢው ብቻ ነው። እንስሳቱ መጀመሪያ ሳቁ። ሚጢጢ በጥም ጉልበቱ ሲከዳው ግን ሳቁ ቆመ።

«እኛንስ ወደ ኋላ ብትመልሱን?» አሉ አጥሮቹ።

«የኔ አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከርከሮ ይጀምር» አለ አያ ጅቦ።

«የኔም አንድ ብቻ ነው» አለ ከርከሮ።

«የኔ እንዲያውም ግማሽ ናት» አለች ጦጢት።

እሜቴ ኤሊ እንባቸው እየወረደ፣ «የሁላችሁም አንድ አንድ ነው። ልጄን እየገደለው ያለው እሱ ነው» አሉ።

ይህን ጊዜ አያ ጅቦ አፈረ። የገዛ አጥሩን በጥርሱ ነቅሎ ወረወረ። ከርከሮም ነቀለ፣ ጦጢትም ነቀለች፤ እሾህ እንደ ዝናብ ወረደ። ሚጢጢ እየተንገዳገደ ሐይቁ ደረሰና ጠጣ፣ ጠጣ፣ አሁንም ጠጣ። እንቁራሪቶቹ «ኧረ ለኛም አስተርፍ» እስኪሉ ድረስ ጠጣ።

በማግስቱ እሜቴ ኤሊ ሁሉንም ሰብስበው ከተማዋን በጥፍራቸው አሸዋ ላይ ሳሉ። ውሃው በዚህ ይመጣል፣ ጎርፉ በዚያ ይወርዳል፣ ቆሻሻው ነፋሱ ሽታውን ወደ ቤት በማያመጣበት በኩል ይጣላል፣ ቤቱ እዚህ ይሠራል። አንዱን ሲስሉ ሌላውን እያዩ ነበር። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ሁለት ዝሆን ጎን ለጎን የሚያሳልፍ አድርገው ሰፊ አሰመሩ።

«እሜቴ፣ ያለን ዝሆን እኮ አንድ ነው» አለ አያ ጅቦ።

«ሚጢጢ ያገባል።»

ከተማው በሳቅ ፈረሰ። ሚጢጢ በጆሮዎቹ ፊቱን ሸፈነ።

«ይወልዳል፤ የልጅ ልጅም ያያል» አሉ እሜቴ ኤሊ።

«ያኔ እኛ የት እንኖርና?» አለ አያ ጅቦ።

«አትኖሩም» አሉት። «መንገዱ ግን ይኖራል።»

 አያ ጅቦ የወረወረውን አጥር አነሳና ከመጀመሪያ ቦታው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተከለው።

አያችሁ ልጆች፣ ከተማ የሚለካው ዛሬ በሚረግጠው እግር ብቻ አይደለም፤ ገና ባልተወለደውም ነው። ተረቴ በሰፊው መንገድ ወጥታ ሄደች፤ የደረሰባት ይያዛት።