ልብስ ሰፊውና የተለሰነው ስንጥቅ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ ቤቱም ወንዝ ዳር ነበር።

እትዬ አሰገደች፣ ጥያቄዎን ዘልዬ ሌላ ወሬ የጀመርኩ እንዳይመስልዎ። «የማኅበራችን የጋራ ኢንሹራንስ ቀርቶ ለየብቻችሁ ፈልጉ ተብለናል። ሁለት ቦታ ሄጄ መለሱኝ፤ ሦስተኛዎቹ ሰኞ ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። መኝታ ቤት ያለችውን ስንጥቅ በቁም ሳጥን ብከልላት ምን አለበት?» ነው ያሉኝ። እኔ ይህን ነገር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ የውል ወረቀት ጀርባ ላይ ያሉትን ደቃቅ ፊደሎች ማንበብ ስለምወድ ነው የማውቀው። አሁን በአንድ ቃል «አይሆንም» ብልዎ «ለምን?» ይሉኛል፤ ቢሉኝም ልክ ነዎት። ስለዚህ በልብስ ሰፊው በኩል ዞሬ ልምጣ።

ይህ ሰው ዐሥራ ስምንት ዓመት በኪራይ ኖሯል። ሰባት ጊዜ ቤት ልቀቅ ተብሎ፣ ሰባት ጊዜ የስፌት መኪናውን በትከሻው ተሸክሞ ሰፈር ቀይሯል። በመጨረሻ ከሃያ አንድ አባወራዎች ጋር ማኅበር ገብቶ ወንዝ ዳር ቤት ሠራ። የገባ ዕለት መኪናውን መስኮቱ ሥር አስቀመጠና ሚስቱን «ከእንግዲህ ይህቺን ብረት የሚያነሣት ሰው የለም» አላት። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስበው ይህንኑ ነበር፤ መኪናዋ ከቦታዋ እንዳትነሣ።

ማኅበሩ ለሃያ ሁለቱም ቤት አንድ የኢንሹራንስ ውል ነበረው። ወረቀቱ ሊቀመንበሩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ዘጠኝ ዓመት ሲኖር አንድም ሰው አላነበበውም። የጋራ ውል ደግሞ ጠባዩ እንዲህ ነው፦ ደካማው ቤት ከጠንካራው ጋር ተደባልቆ ያልፋል። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ፎቶግራፍ ላይ የአንዱ የተቀደደ ጫማ አይታይም አይደል? እንደዚያ ነው።

ታዲያ ሁለት ክረምት በተከታታይ ወንዙ ሞልቶ ሦስት ቤት ጎዳ። ካሳ ተከፈለ። ከሁለተኛው ክረምት በኋላ፣ ግንቦት ላይ ውሉ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ድርጅቱ አጭር ደብዳቤ ጻፈ፤ ሰፈሩን በጅምላ መውሰድ አልችልም የሚል።

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን አንብቦ ሳይጨርስ የልብስ ሰፊው ጎረቤት የሆነችው ቅመም ነጋዴ ተነሣች።

«ዘጠኝ ዓመት ስንከፍል ቤታችን ወንዝ ዳር መሆኑን አያውቁም ነበር? ዛሬ ነው ዐይናቸው የበራው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ክረምቱ ሊገባ ነዋ! ሊቀመንበሩም «እንግዲህ ሁሉም በየፊናው ይፈልግ» ብሎ ስብሰባውን በተነ።

ልብስ ሰፊው ፍለጋ ወጣ። የመጀመሪያው ድርጅት መስኮት ላይ የተቀመጠው ሰው አድራሻውን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ። ሁለተኛው «በደስታ!» አለና ወረቀት አቀረበለት። ልብስ ሰፊው ግን የቀዳዳ ሰው ነውና ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። እሳትን ይክሳል፤ ሌባን ይክሳል፤ ጎርፍንና የመሬት መንሸራተትን ግን አይክስም ይላል።

«ጌታዬ፣ እኔን የሚያሰጋኝ እኮ ወንዙ ነው» አለ። «ይሄ ጅብ ለሚፈራ ሰው የትንኝ አጎበር እንደ መሸጥ ነው።»

ሦስተኛው ድርጅት የተሻለ መለሰለት። «ጎርፍንም መንሸራተትንም እንክሳለን፤ ወንዝ ዳር መሆናችሁ ብቻውን አይከለክልም። ሐሙስ ባለሙያ እንልካለን፤ እያንዳንዱን ቤት አይታ ትወስናለች» አሉት። እሱም ወሬውን ለሰፈሩ ይዞ መጣ።

እዚህ ላይ እንግዲህ እኛ ብቻ የምንሠራው ስሕተት ተሠራ። «ሰው ቤት ሊያይ ይመጣል» ሲባል እኛ ምን እናደርጋለን? እናጸዳለን፣ እንቀባለን፣ የሚያሳፍረውን ወደ ጓዳ እናስገባለን። ሰፈሩም እንደ ሠርግ ቤት ተነሣ። አንዱ ኖራ በጠበጠ፣ ሌላው መሰላል ይዞ መጣ። የጠመመ በር ቀና። የረጠበ ጥግ በሶፋ ተሸፈነ። የተሰነጠቀ ግድግዳ ሁሉ ተለሰነ።

የልብስ ሰፊውም ቤት የኋላ ግድግዳ ከወለሉ እስከ መስኮቱ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁ በበጋ ወረቀት ያስገባል፣ በክረምት ጣት ያስገባል። ቅመም ነጋዴዋ ሁለት ጎረምሳና አንድ ባልዲ ስሚንቶ ይዛ መጣች፤ ከሰዓት በኋላ ስንጥቁ ጠፋ። ሚስቱ ነጩን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰችው። «እሰይ፣ ገመናችን ተከተተ» አለች። እሱም እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ባለሙያዋ ገና ሌሎቹን ቤቶች እያየች ሳለ አንድ ሙሽራ ሱሪ ይዞ መጣለት።

«እግሩን ብቻ አሳጥርልኝ፤ ቅዳሜ ሠርጌ ነው።»

ልብስ ሰፊው ሱሪውን ገለበጠው። መቀመጫው ሳስቶ አልቋል፤ ሙሽራው ከውስጥ በፕላስተር አጣብቆታል።

«ይሄስ?»

«እሱን ተወው ጋሼ፣ አይታይም።»

«ስትቀመጥ ይታያል! አጎንብሰህ አማትህን ስትስምማ ሠርገኛው በሙሉ ያየዋል። ለምን አላሳየኸኝም?»

«አፈርኩ» አለ ሙሽራው።

«እንዳፍርልህ አይደለም እኮ የምትከፍለኝ፤ እንድጥፍልህ ነው።»

ይህን ተናግሮ ፕላስተሩን መላጥ ጀመረ። ቀና ሲል ፊት ለፊቱ ያ ነጭ ግድግዳ ቆሟል።

ወዲያው ባለሙያዋ ገባች፤ ሜትርና የእጅ ባትሪ የያዘች፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው ሴት ናት። ጣሪያውን አየች፣ ወለሉን ረገጠች፣ ግድግዳውን በባትሪ አበራችበት። «ሰፈራችሁ እንዴት ያምራል! ሁሉም ቤት አዲስ ቀለም ነው» አለች። ከዚያ ለሌሎቹ ሁሉ ያነበበችውን ጥያቄ ለእሱም አነበበችለት።

«በዚህ ቤት ላይ የሚያውቁት ስንጥቅ፣ መስመጥ ወይም የውሃ ስርገት አለ? ከሌለ 'የለም' ብለው እዚህ ላይ ይፈርማሉ።»

ሚስቱ ከባለሙያዋ ጀርባ ቆማ በዐይኗ «የለም በል» ትለዋለች። ልብስ ሰፊው ብዕሩን አልተቀበለም። ከጆሮው ላይ ጠመኔውን አወረደና ወደ ግድግዳው ሄዶ ከወለሉ እስከ መስኮቱ አንድ ጠማማ መስመር አሰመረ። ዘጠኝ ክረምት ያየው መንገድ ነውና ዐይኑን ቢጨፍን አይስተውም። ቀጥሎ መዶሻ አነሣና በመስመሩ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገ። አዲሱ ልስን እየተቀረፈ ወለሉ ላይ ወረደ፣ ስንጥቁም ወጣ።

«በስመ አብ! ሰውዬው አበደ!» አለች ሚስቱ።

ባለሙያዋ ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ አስገብታ አየች። «ላልፈው ነበር እኮ። ለምን አሳዩኝ?»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያላሳዩኝን ቀዳዳ ልጥፍ አልችልም። እርስዎም የሚችሉ አልመሰለኝም።»

እሷም ሳቀችና ተንበርክካ መጻፍ ጀመረች። የስንጥቁን ርዝመት ለካች፣ ፎቶ አነሣች። «እንዳለ አልወስደውም» አለችው። «የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር ነው የሚወርደው፤ አሸንዳ አድርገው ወደ ወዲያ ይምሩት። ከኋላ የድንጋይ ድጋፍ ያሠሩ። ከወር በኋላ ተመልሼ አያለሁ። ስንጥቁን ውሉ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ለእሱም ትንሽ ጨመር አድርገው ይከፍላሉ።»

ሰፈሩ ወሬውን ሲሰማ ቀለደበት። ሃያ አንዱ ቤት በዚያው ሳምንት ውል ሲያገኝ እሱ ድንጋይ ይሸከማል። ቅመም ነጋዴዋ በአጥር ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣

«አንተ፣ ሰው ግድግዳ ሠርቶ ኢንሹራንስ ይገዛል፤ አንተ አፍርሰህ ገዛህ?» አለችው።

«እኔስ ድንጋዩን እያየሁት ነው፤ አንቺ ልስንሽን ስትመለከቺ ዋዪ» አላት።

ሚስቱ ሦስት ቀን አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን ድንጋይ አቀብላ አብራው ዋለች፤ ማኩረፉ ከድንጋዩ የበለጠ ስለ ከበዳት ይመስለኛል። ባለሙያዋም በቀጠሮዋ ተመልሳ አየች፤ ውሉ በሰኔ ተፈረመ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሁለት ቀን ያላባራ ዝናብ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የወንዙ ዳርቻ ተንሸራተተ። የልብስ ሰፊውን ማዕድ ቤት ከነምድጃው ወሰደው፤ ድጋፍ የተሠራለት ግድግዳ ግን ቆመ። የስፌት መኪናዋም መስኮቷ ሥር እንዳለች ቀረች። የቅመም ነጋዴዋ የኋላ ክፍል በሙሉ ወረደ፤ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም።

ያቺው ባለሙያ መጣች። የልብስ ሰፊውን ውል ገለጠች፤ ስንጥቁ ተጽፏል፣ ድጋፉ ተጽፏል፣ ፎቶው አለ። የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም፤ የማዕድ ቤቱ ካሳ ተከፈለ። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ተሻገረችና ከፍርስራሹ ውስጥ አንድ የልስን ቁራጭ አነሣች። ቁራጩ ሁለት መልክ ነበረው፤ ውጪው አዲስና ነጭ፣ ውስጡ የብዙ ዓመት ጭቃ የጠጣ። ቅመም ነጋዴዋ በፈረመችው ወረቀት ላይ ደግሞ «የለም» ተብሎ ተጽፏል።

«እናቴ፣ ይህን ሳናውቅ ነው የተዋዋልነው» አለቻት። ካሳም አልተከፈላት።

ቅመም ነጋዴዋ ፍርስራሹ ላይ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው አጥር ዞሮ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «እንዲህ ብዬሽ ነበር» ሊል ይችል ነበር፤ አላለም። ከአሸንዳው የተረፈ ቆርቆሮ እንዳለው ነገራት፣ ድንጋይ የት እንደሚገኝም ያውቃል። እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «ልስኑ ግን ያምር ነበር» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። መስከረም ሳይጠባ ሰፈሩ ተረባርቦ ክፍሏን አቆመላት። በዚያው በኖራው መሰላል።

በሚቀጥለው ዓመት ውል የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ማንም ኖራ አልበጠበጠም። ባለሙያዋ ስትመጣ ሃያ ሁለቱም ቤት በጠመኔ ተሰምሮ ጠበቃት፤ ስንጥቁ፣ የረጠበው ጥግ፣ የጠመመው በር፣ ሁሉም ተከቧል። ቅመም ነጋዴዋ በሩ ላይ ቆማ «ግቢ፣ ግቢ፣ ጉዳችንን እንቁጠርልሽ» አለቻት። ቁጥሩ ብዙ ነበር። ግማሹን በዚያው ወር ጠገኑት፣ ግማሹ በውሉ ላይ ተጻፈ። በዚያ ክረምት ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ልብስ ሰፊው መኪናውን እየዘወረ ይሰማው ነበር፤ ይሰማው ነበር እንጂ አይፈራውም ነበር።

እንግዲህ እትዬ አሰገደች፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። ገመና መሸፈን ደግ ነገር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ እኔም እናቴም እንሸፍናለን። ሰኞ የሚመጣው ሰው ግን እንግዳ አይደለም፤ እሱ ልብስ ሰፊው ነው፣ እርስዎ ደግሞ ሱሪ ይዘው የመጡት ሙሽራ ነዎት። ማኅበሩ በነበረ ጊዜ ከብዙ ሰው ጋር ቆመው ፎቶ ይነሡ ነበር፣ ጫማዎን ያየ የለም። አሁን ብቻዎን ቆመዋል። ስንጥቁን ካሳየ ሰው ጋር ውል የገባ ድርጅት ያየውን ይዞ ነው የገባው፤ ያልታየው ግን ወንዙ በመጣ ቀን ያለ ውል የቆመ ግድግዳ ነው። ስንጥቋን ሲያሳዩ «አልወስድም» ሊልዎ ይችላል፣ አልዋሽዎትም። ቢልዎ ግን አሁን ይልዎታል፣ ገና በጋ ሳለ፣ መጠገኛ ጊዜ ሳለ።

ጠመኔ ይዤ መጥቻለሁ። ቁም ሳጥኑ ከባድ ነው መሰለኝ፤ በዚያ በኩል ይያዙልኝና ወደ ወዲያ እንግፋው።