ድንኳን በሲስተም

አንድ ቀን አቶ መንበሩ ሰለጠኑ። ፍቼ ከተማ ውስጥ ድንኳን በማከራየት የሚታወቁ ሰው ናቸው። በፊት፣ በዚያ በኋላ ቀርነት ዘመን፣ ሰው እያለቀሰ ደጃቸው ሲመጣ ማን እንደሞተበት ጠይቀው፣ «ነፍስ ይማር» ብለው ድንኳኑን ያስጭኑለት ነበር። ይህ አሠራር ቅልጥፍናን እንደሚጎዳ አዲስ አበባ ሄደው በተካፈሉት የግማሽ ቀን ሥልጠና ተነገራቸው። ስለዚህ ሲስተም አስገቡ።

ከዚያ ወዲህ ድንኳን የሚወጣው፣ የዓመት ክፍያውን የፈጸመው ደንበኛ ራሱ ፊቱን ለስልኩ ካሜራ ሰጥቶ ዓይኑን ሲያርገበግብ ብቻ ሆነ። ለውጡም ወዲያው ታየ። ጫኝና አውራጆቹ በተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተጋድመው ይውላሉ፤ የሠራተኛ ድካም ቀረ፤ ድንኳኑም ማርጀቱን አቆመ።

በዚህ መሐል ጋሽ ደምሰው አረፉ። አሳቢ ሰው ነበሩና፣ የእሳቸው ሞት ቤተሰቡን እንዳያንከራትት ብለው የዓመቱን አስቀድመው ከፍለዋል። ጎረቤታቸው ግንበኛው ዘውገ ድንኳኑን እንዲያመጣ ተላከ። የነሐሴ ዝናብ ይወርዳል። ለቀስተኛው አጥር ለአጥር ተለጥፎ ቆሟል፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘርፌ ጃንጥላ ተይዞላቸው ያነባሉ። ቀባሪው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አረፍ የሚልበት አንድ ደረቅ ቦታ የለም።

አቶ መንበሩ ዘውገን በሐዘኔታ አዳመጡት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደንበኛው የታል አሉ። ዘውገ የሞቱት ደንበኛው ራሳቸው መሆናቸውን አስረዳ። ይህንንም በሐዘኔታ ተቀበሉት፤ ሲስተሙ ግን አልተቀበለም። እትዬ ዘርፌ ቢመጡስ አለ። አልተመዘገቡም ተባለ። በቃ እኔው ላርገብግብላቸው አለ። እሱማ ማጭበርበር ነው ተባለ። ዘውገ በበሩ ወደ ውጭ አየ፤ ዝናቡ ብሶበታል።

«ምን ላድርግህ ልጄ» አሉ አቶ መንበሩ፣ ከልባቸው አዝነው። «ደምሰው ወዳጄ ነበር። ግን እሱ ዓይኑን ካላርገበገበ ሲስተሙ ድንኳን አይለቅም። አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም አይደል? እንካ፣ ስልኩን ይዘህ ሂድና ፊቱ ላይ ያዝለት። ሰው እንዳይጋፋህ ብቻ፤ ብርሃን ይፈልጋል።»

ጫኝና አውራጆቹ ከተጋደሙበት ቀና አሉ።

ዘውገ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። አገላብጦ ፊቱንም ጀርባውንም አየው።

«ጋሽ መንበሩ» አለ ረጋ ብሎ፣ «ይኼ ስልክዎ የጋሽ ደምሰውን ዓይን ካስገለጠማ ድንኳኑ ይቅርብን፤ ስልኩን ያከራዩን።»

ጫኝና አውራጆቹ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ድንኳኑን ተሸክመው ወጡ።