ምራቲቱና የእህሉ ጉድጓድ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ጮክ በሉ እንጂ! እኔ ደክሞኛል፤ የምናገረው አንዴ ነው። ቀረብ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ እህል መሬት ውስጥ በሚከተትበት ቆላ አገር፣ ሽታዬ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጓንጉል ይባላል። የባሏ ወንድም ይመር ይባላል። የባሏ እናት እማማ ደብሪቱ ደግሞ ምላሷ ከሚጥሚጣ የባሰ ነበር።

በዚያ አገር ማሽላው በጥልቅ ጉድጓድ ይከተትና አፉ በድንጋይ ተገጥሞ በጭቃ ይመረጋል። ክረምት ሲገባ ይከፈታል። የተከፈተ ጉድጓድ ታዲያ አንድ ቀን ሙሉ ሳይተነፍስ አይገባበትም፤ ውስጡ የታፈነው አየር ሰው ይገድላል። የሚገባውም ጥንት ወገቡን በገመድ ይታሰር ነበር። ኋላ ግን ወንዶቹ፦ «የሚታሰር ሌባ ነው» አሉና ገመዱን ተዉት።

አንድ ክረምት ረሃብ ጠናና ጓንጉል ድንጋዩን ፈነቀለ። ወዲያው ሊገባ ተነሣ።

ሽታዬ፦ «እስከ ነገ ይተንፍስ እንጂ» አለችው።

ጓንጉል፦ «ልጆቹስ እስከ ነገ ምን ይብሉ?»

«እንግዲያው ገመድ እሰር።»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ይመርም፦ «እትዬ ሽታዬ፣ ወንድሜ ምን ሰረቀሽ?» አላት።

ጓንጉል እየሳቀ ገባ። «ስልቻውን አቀብሉኝ» አለ። ከዚያም ዝም አለ። ቢጠሩት ዝም። ጎንበስ ብለው ሲያዩት ማሽላው ላይ ተደፍቷል።

ይመር ጋቢውን ጣለና ሊዘል ሮጠ። ሽታዬ እግሩን ጠምጥማ ያዘችው።

«ልቀቂኝ! ወንድሜ ነው!»

«ባሌ ነው! አባቴ እንዲህ ባለ ጉድጓድ ገብቶ ወደቀ። እሱን ሊያወጣ አጎቴ ገባ። አጎቴን ሊያወጣ ወንድሜ ገባ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ቀበርን። ይመር፣ ጧፍ አውርድ። ከበራ ግባ።»

እማማ ደብሪቱ ጀርባዋን በጡጫ ትደበድባት ጀመር፦ «አንቺ ደንጊያ! ባል ለመቀየር ቸኮልሽ?»

ሽታዬ እየተደበደበች አልለቀቀችም።

ስንት አገር ዞሬ ያየሁት ይህንኑ ነው። ዘሎ የሚሞተው ይዘፈንለታል፤ ቆም ብሎ የሚያስበው ይሰደባል። ይሁን።

ጧፉን በገመድ አወረዱት። ከጓንጉል ጀርባ ሳይደርስ ጠፋ። ይመር ከጉድጓዱ አፍ ወደ ኋላ አለ።

ሽታዬ፦ «ቅጠል ቁረጡ! ረጅም እንጨት አምጡ! ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባ እንዳይኖር!» ብላ ጮኸች።

ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ አሰሩና እንደ ማራገቢያ ከፍ ዝቅ አደረጉት። ነፋስ ገባ። ይመር በቆልማማ እንጨት የወንድሙን ድግ፣ ወገቡ ላይ የጠመጠመውን ኩታ፣ ፈለገ። ሳተው። ደግሞ ሳተው። ከዚያም ያዘለት። መንደሩ ሁሉ ጎተተ።

ጓንጉል ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። ሽታዬ ደረቱን ከፈተችና ነፋስ ላይ አጋደመችው። ትንፋሹ እንደ አሮጌ ወናፍ እየተጎተተ መጣ። ዳነ።

መንደሩ ምን አለ? «ይመር ወንድሙን አወጣ» አለ። ሽታዬንስ? «ባሏ ሲሞት ጧፍ ያበራች» አላት። እማማ ደብሪቱም እግዜር ይስጥልኝ አላለቻትም። ሰላምታም ነፈገቻት።

ክረምቱ ዞረና ጉድጓዱ ተከፈተ። አንድ ቀን ሙሉ ተነፈሰ። የጓንጉል ደረት ገና ያፍነዋልና ሊገባ የተነሣው ይመር ነበር። ያን ጊዜ እማማ ደብሪቱ ከጓዳ ገመድ ይዛ ወጣች። የልጇን ወገብ በገዛ እጇ አሰረች።

ይመር፦ «እማዬ፣ ሰው ይስቅብኛል።»

«ሌባ ይበሉህ፤ ሬሳ ከሚሉህ።»

የገመዱን ጫፍ ይዛ ሰውን ሁሉ አየች። ስንት ጎረምሳ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አልፋቸው ሄደችና ለሽታዬ አስጨበጠቻት።

ይቅርታ አልጠየቀቻትም። እኔም በዕድሜዬ ከዚያ የበለጠ ይቅርታ አላየሁም።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። በሉ ከዚያ ቂጣ ቁረሱልኝ፤ ጥርስ የለኝምና ከመሐሉ ይሁን።