ከለቅሶው ሥር «ይደገም»

ብምል ብገዘት አታምኑኝም፤ እኔን ካላመናችሁ ዶሮዋ አለች፣ እሷን ጠይቁ።

ዘርፌ የአባቷን አሟሟት ጽፋ፣ ወግና ተረት በስልክ ወደሚለዋወጡበት ቡድን ላከችው። ያነበበ ሁሉ አለቀሰ፤ እንባው ሦስት መንደር አጥለቅልቆ አንድ ድልድይ ወሰደ። ከሥሩ ግን ምትኩ የሚባል፣ ትናንት የገባ ጎልማሳ፣ «ደስ ይላል፤ ይደገም» ብሎ ጻፈበት። ቀትር ላይ የአባቷ ተዝካር ነው፤ ወንድሟ ጽሑፉን ከነአስተያየቱ ለእናታቸው ሊያነብ ነው። ዘርፌ ያቺ ቃል ከዚያ በፊት እንድትጠፋላት ፈለገች። ደግሞም ገረማት፦ ሰውየው ከአባቷ ሞት ምኑን ወደደው?

ምትኩን አጥፋልኝ አለችው። አዲስ ገቢ ሦስት አስተያየት ሳይሰጥ የራሱን ጽሑፍ አያወጣም፣ ይቺ ሦስተኛዬ ናት፣ አላጠፋም አለ።

የቡድኑን ጠባቂ ስንዱን ለመነቻት። ምትኩ አላጠፋም አለ፣ አንቺ አጥፊልኝ። ስንዱ፣ አባ ቢተው ሳያዝዙ የሰው ቃል አልነካም አለች።

ቡድኑን ወደመሠረቱት ሽማግሌ፣ ወደ አባ ቢተው ሮጠች። ምትኩ አላጠፋም አለ፣ ስንዱ አልነካም አለች፣ እርስዎ ይዘዙልኝ። እሳቸውም፣ ስንዱ ከራሴ ስልክ ካልመጣላት አታምንም፣ ስልኬ ደግሞ ወፍጮ ቤት ቻርጅ ላይ ነው አሉ።

ወፍጮ ቤት ብትገባ የባለወፍጮው ዶሮ የሞቀውን ስልክ እንቁላል ብላ ታቅፋዋለች። ምትኩ አላጠፋም አለ፣ ስንዱ አልነካም አለች፣ አባ ቢተው ስልክ የለኝም አሉ፣ እባክሽ ተነሺልኝ። ዶሮዋ፣ ጫጩቴ ሳይፈለፈል አልነሳም አለች።

ባለወፍጮውን ላቀውን ያዘችው። ምትኩ አላጠፋም አለ፣ ስንዱ አልነካም አለች፣ አባ ቢተው ስልክ የለኝም አሉ፣ ዶሮዋ አልነሳም አለች፣ አንተ አንሳልኝ። ላቀው አፍንጫውን በእጁ ሸፍኖ፣ አምና የነከሰችኝ አፍንጫ ገና አልበቀለም አለ።

ቀትር ደረሰ። ዘርፌ ቢጨንቃት የአባ ቢተውን ቁጥር ደወለች። ስልኩ ከዶሮዋ ሥር እንደ ጫጩት ጪው ጪው አለ። ዶሮዋ፣ ተፈለፈለልኝ ብላ ብድግ። ዶሮዋ ብትነሳ ላቀው ስልኩን ላጥ አደረገ፤ ላቀው ቢያደርስ አባ ቢተው አዘዙ፤ አባ ቢተው ቢያዝዙ ስንዱ አጠፋች፤ ስንዱ ብታጠፋ የምትኩ ሦስት ወደ ሁለት ወረደ። ወንድሟም ጉሮሮውን ጠርጎ ንጹሑን ማንበብ ጀመረ።

ዘርፌ ግን ነገሩ አልወጣላትም። ለምትኩ ጻፈችለት፦

«ወንድሜ፣ ልቆጣህ አይደለም። ከአባቴ ሞት ምኑ ደስ አለህ?»

«እህቴ፣» አለ ምትኩ፣ «ሦስት አስተያየት ስጥ አላችሁኝ እንጂ፣ አንብብ መች አላችሁኝ?»