የሚዳቋዋ ማመልከቻ

ተረት ላውራችሁ፣ ጆሮ ስጡኝ። ከዕለታት አንድ ቀን ጅብ ያሳደዳት ሚዳቋ ሸሽታ ዝሆኖች ወደሚኖሩበት አጥር ግቢ መጣች። በረኛው ኤሊ ነበር።

«ጌታዬ፣ አስገቡኝ! ጅቡ ሊበላኝ ነው» አለችው።

«ጉዳይሽ ይታያል፤ እስከዚያው ውጭ ጠብቂ» አላት።

ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ፤ መልስ የለም። ሚዳቋዋ እዚያው በር ላይ ወለደች። ጅቡም በየቀኑ እየቀረበ መጥቶ፣ በሩ ፊት ለፊት ካለ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ «አይዞሽ፣ እኔም እየጠበቅሁ ነው» ይላት ጀመር።

በመጨረሻ ኤሊው እየተንፏቀቀ መጣ። «ደስ ይበልሽ! አንዲት ሚዳቋ ትግባ ተብሏል።»

«ልጄስ?»

«ስታመለክቺ አልነበረችም። ለእሷ እንደ አዲስ ማመልከት ነው» ብሎ በሩን ከፈተ።

ሚዳቋዋ የተከፈተውን በር አየች። ከዚያም «የልጄን ስም ጻፉልኝ» አለችና ግልገሏን ሆዷ ሥር ሸሽጋ፣ ፊቷን ወደ ቁጥቋጦው አዙራ ቆመች።