ከግርጌ የተጣበቀችው ቁልፍ

አቶ ስንሻው የሚባሉ፣ ንግግር ከጀመሩ ማብቂያ የሌላቸው ዳይሬክተር ነበሩ። መሥሪያ ቤታቸው የአቤቱታ መተግበሪያ ሲያሠራ፣ ከስክሪኑ ጎን ተስቦ በሚከፈተው ቅጽ ላይ ሦስት ገጽ መልእክታቸውን አስገቡበት። «ላክ» የምትለዋ ቁልፍ ከመልእክቱ ሥር ተቀበረች፤ ባለጉዳዩም ሳይደርስባት ተሰላችቶ ይዘጋዋል።

ቅጹን የሠራችው ፕሮግራመር ይህን አይታ ቁልፏን ከስክሪኑ ግርጌ አጣበቀቻት። ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢንሸራተት እሷ ካለችበት ንቅንቅ አትልም።

ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ልጅቷን አስነሷት።

«እኔ ሳልጨርስ ሰው ልኮ እንዲሄድ ማን ፈቀደልሽ? ንግግሬን ጥሎ መሄድ የሚፈልግ አንድ ሰው አሳዪኝ። ካላሳየሽኝ ይህን ደብዳቤ ትወስጃለሽ።»

ልጅቷ ደብዳቤውን አየች፤ ከዚያ አዳራሹን አየች። የፊቱ ስድስት ረድፍ ወንበር ባዶ ነው፤ ሠራተኛው በሙሉ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተፋፍጎ ተቀምጧል።

«ክቡር ዳይሬክተር፣» አለች ረጋ ብላ፣ «አንዱን ለይቼ ማሳየት ይቸግረኛል። እኛ ሁላችንም በሩን ተጠግተን ተቀምጠናል። በስልኩ ቅጹን የሚሞላው ባለጉዳይ ግን የሚጠጋው በር አልነበረውም፤ እሱን ነው የሠራሁለት።»